አንድ ፈንክሽን በአንድ ነጥብ ላይ ቀጣይ መሆኑ በምን ይታወቃል?

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979፣ ሠንጠረዡ በኋላ ቢሻሻልም፣ ለካልኩለስ መምህር የተመቸ ምሳሌ ትቷል። የወር ደመወዙ ከ601 እስከ 1,650 ብር የሆነ ሠራተኛ 10 በመቶ ይሰላበትና 60 ብር ይቀነስለት ነበር፤ ከ1,651 እስከ 3,200 ብር የሚያገኘው ደግሞ 15 በመቶ ተሰልቶበት 142 ብር ከ50 ሳንቲም ይቀነስለት ነበር። 1,650 ላይ የመጀመሪያው ቀመር 105 ብር ይሰጣል፤ ሁለተኛውም እዚያው ነጥብ ላይ 105 ብር ይሰጣል። ተቀናሾቹ ባይኖሩ ኖሮ ደመወዙ ከ1,650 ወደ 1,651 ከፍ ያለለት ሰው ለአንዷ ብር ጭማሪ 82 ብር ከ65 ሳንቲም ተጨማሪ ግብር በከፈለ ነበር። የግብር ምጣኔው ድንበሩ ላይ ይዘላል፤ የግብሩ መጠን ግን አይዘልም።

ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልጉት የመማሪያ መጽሐፍ ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። ፈንክሽኑ በነጥቡ ላይ ዋጋ አለው? ከግራና ከቀኝ ወደ ነጥቡ ሲቀርቡ ሊሚት አለው? ሊሚቱና ዋጋው እኩል ናቸው? አሠራሩ ቀላል የሆነው ግን ጥያቄው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ፈንክሽኑ በሁለት ግልጽ ቀመሮች ተጽፎ፣ ድንበሩም በቁጥር ተነግሮ በእጃችን ስለተሰጠን ነው። ትርጉሙ ቀጣይነት ምን እንደሆነ ይናገራል፤ በተሰጠ ፈንክሽን ላይ መኖሩ እንዴት እንደሚታወቅ ግን አይናገርም። ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት በጉዳዩ ላይ የተነሱት ክርክሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህ ክፍተት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአንድ ቀመር ወደ አንድ ነጥብ

ኦይለር በ1748 ባሳተመው የትንተና መግቢያ ቀጣይ ያለው በአንድ ቀመር የሚገዛውን መስመር ነበር። በዚህ መለኪያ ሁለት የተለያዩ ቅርንጫፎች ያሉት የ1/ኤክስ ግራፍ ቀጣይ ነው፤ ሁለት ቀጥታ መስመሮች ጫፍ ለጫፍ ተጋጥመው የሚሠሩት ማዕዘን ግን ቀጣይ አይደለም። ዛሬ ያደገ አንባቢ ፍርዱ የተገለበጠ ይመስለዋል። አልተገለበጠም፤ ኦይለር የሚጠይቀው ስለ አጻጻፍ እንጂ ስለ ቦታ አልነበረም፤ ነጥብ በጥያቄው ውስጥ አልገባም።

በዚህ መለኪያ ላይ ክርክር ያስነሳው የሚርገበገብ ክር ጥያቄ ነው። ዳላምበር በ1747 የክሩን እንቅስቃሴ እኩልታ ሲፈታ የክሩ መነሻ ቅርጽ በአንድ ቀመር የተገለጸ እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ ኦይለር ግን በጣት ተስቦ ማዕዘን የሠራ ክርም መፍትሔ ሊኖረው ይገባል ባይ ነበር። አርቦጋስት በ1791 ሁለት ዓይነት መቋረጥ ለየ፦ ቀመሩ ተለውጦ መስመሩ ግን የተያያዘበት፣ እና መስመሩ ራሱ የተነጣጠለበት። የእኛ ጥያቄ ሁለተኛው ነው። ከዚያ ፉርየ በሙቀት ጥናቱ (1807፣ መጽሐፉ 1822) አንድ የሳይን ድምር የሚዘል ፈንክሽን ሊሰጥ እንደሚችል አሳየ፤ የአንድ ቀመር መለኪያም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ኮሺ በ1844 መለኪያውን የጣለበት መንገድ አጭር ነው፦ ለአዎንታዊ ቁጥር ኤክስ፣ ለአሉታዊ ቁጥር የኤክስ ተቃራኒ የሚሰጠው ፈንክሽን በሁለት ቀመር ይጻፋል፤ የኤክስ² ስኩዌር ሩት ተብሎም በአንድ ቀመር ይጻፋል። ያው ፈንክሽን ቀጣይም የተቋረጠም ሊሆን አይችልም።

አዲሱን ትርጉም ቦልዛኖ በ1817 በፕራግ፣ ኮሺ በ1821 በፓሪስ አቀረቡ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሁለቱም ትርጉሙን የሰጡት ለኢንተርቫል መሆኑ ነው። ኮሺ ስለ አንድ ዋጋ ሲናገር እንኳ በዋጋው ዙሪያ ባለ ኢንተርቫል፣ ምንም ቢጠብ፣ ፈንክሽኑ ቀጣይ መሆኑን ማለቱ ነው። ዛሬ ተማሪ የሚጠየቀውን፣ በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ብቻ የሚለውን፣ በቅጡ የለየው ቦልዛኖ በ1830ዎቹ በተወው ጽሑፍ ነበር። ከግራ ብቻና ከቀኝ ብቻ ቀጣይ መሆንንም እዚያ ለይቷል። ጽሑፉ የታተመው ግን በ1930 ነው፤ ስለዚህ የሒሳብን ጉዞ አልለወጠም።

ኮሺ በዚያው በ1821 መጽሐፉ የቀጣይ ፈንክሽኖች ድምር፣ ተከታታዩ ወደ አንድ ዋጋ እስከተጠጋ ድረስ፣ ራሱ ቀጣይ ነው ሲል ጻፈ። አቤል በ1826 ቴዎረሙ ልዩ ሁኔታዎች እንዳሉት አመለከተ፦ ሳይን ኤክስ፣ ሲቀነስ የሳይን 2ኤክስ ግማሽ፣ ሲደመር የሳይን 3ኤክስ ሲሶ እያለ የሚቀጥለው ድምር ፓይ ላይ ይዘላል። የተለመደው ትረካ ኮሺ ተሳስቶ ነበር፣ በ1853 አረመው ይላል። ሮቢንሰንና ላውግቪትስ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አዩት፦ ኮሺ ኤክስ ሲል ለፓይ እጅግ የቀረቡ፣ ልዩነታቸው ከማንኛውም ተራ ቁጥር ያነሰ ዋጋዎችንም ጨምሮ ከሆነ የአቤል ምሳሌ ቅድመ ሁኔታውን አያሟላም፤ ቴዎረሙም ትክክል ይሆናል። ክርክሩ አልተዘጋም። ለእኔ ሁለተኛው ንባብ ኮሺ ካሰበው በላይ የሚያሟላለት ይመስለኛል፤ ነገር ግን የ1853ቱ ጽሑፍ ከእርማት ይልቅ ማብራሪያ ይመስላል የሚሉትን በቀላሉ መግፋት አይቻልም።

ትርጉሞቹ እኩል ናቸው?

ቫየርስትራስ በበርሊን ትምህርቶቹ ያስፋፋው የኤፕሲሎንና የዴልታ ትርጉም ዛሬ መደበኛው ነው፦ በውጤቱ ላይ ለፈቀድነው ስህተት ሁሉ በግብዓቱ ላይ የሚበቃ ቅርበት ማግኘት። ሃይኔ በ1872 ያሳተመው በቁጥር ተከታታይ ይናገራል፦ ወደ ነጥቡ የሚሄድ ማንኛውም ተከታታይ ብንወስድ የፈንክሽኑ ዋጋዎች ወደ ነጥቡ ዋጋ ይሄዳሉ። በሥራ ላይ ሁለቱ የተለያየ ጉልበት አላቸው። ቀጣይነትን ለማስረዳት ኤፕሲሎን ይመቻል፤ መቋረጥን ለማስረዳት ተከታታይ ይቀናል። ዜሮ ላይ ዜሮ የተባለውን የሳይን(1/ኤክስ) ፈንክሽን ብንወስድ፣ ወደ ዜሮ የሚጠጉ ቁጥሮች እየመረጥን ፈንክሽኑ ሁልጊዜ 1 እንዲሰጥ ማድረግ እንችላለን፤ ሌሎች መርጠን ሁልጊዜ ዜሮ እንዲሰጥም። አንድ የማይታዘዝ ተከታታይ ከተገኘ ጉዳዩ አበቃ።

በማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ሁለቱ ትርጉሞች እኩል መሆናቸው በአምስት መስመር ይረጋገጣል። ሼርፒንስኪ ከእነዚህ መስመሮች በአንደኛው ውስጥ የተደበቀ ነገር እንዳለ በ1918 አሳየ። ማረጋገጫው ለእያንዳንዱ ቅርበት አንድ የማይታዘዝ ቁጥር ምረጥ ይላል፤ ምርጫው ማብቂያ የለውም፤ ደንብም አልተሰጠውም። ይህን የሚፈቅደው የምርጫ አክሲየም ነው። አክሲየሙ በተወገደበት የስብስብ ቲዎሪ በአንድ ነጥብ ላይ በተከታታይ መለኪያ ቀጣይ የሆነ፣ በኤፕሲሎን መለኪያ ግን የሚቋረጥ ፈንክሽን ሊኖር ይችላል። የሚገርመው ደግሞ ፈንክሽኑ በቁጥር መስመሩ ነጥቦች ሁሉ ላይ በተከታታይ መለኪያ ቀጣይ ከሆነ ሁለቱ ትርጉሞች ያለ አክሲየሙም መስማማታቸው ነው፤ የሚመረጠውን ቁጥር ከራሽናል ቁጥሮች መካከል መውሰድ ይቻላል፣ እነርሱ ደግሞ አስቀድመው በተራ ሊቆጠሩ ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው ጥያቄው በአንዲት ነጥብ ላይ ሲጠብ ነው። የአንድ ነጥብ ጥያቄ ከመላው መስመር ጥያቄ ይከብዳል ብሎ ማን ይጠብቃል?

ነጥቡ በዶሜኑ ውስጥ ነው?

ለመምህራንና ለፈተና አውጪዎች ከሁሉም በላይ የሚያወዛግበው 1/ኤክስ ዜሮ ላይ ይቋረጣል ወይ የሚለው ነው። ብዙ የካልኩለስ መጻሕፍት ይቋረጣል ይላሉ፤ የመጀመሪያው ሁኔታ አልተሟላምና፣ ዋጋ የለምና። የትንተና መጻሕፍት ደግሞ ጥያቄው አይነሳም ይላሉ፤ ዜሮ በፈንክሽኑ ዶሜን ውስጥ የለም፣ በሌለበት ቦታ ደግሞ ቀጣይም የተቋረጠም ሊሆን አይችልም። በሁለተኛው አነጋገር 1/ኤክስ ቀጣይ ፈንክሽን ነው። ታልና ቪነር በ1981 ባወጡት ጥናት ይህን ፈንክሽን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲያቀርቡ አብዛኞቹ ቀጣይ አይደለም ብለዋል። ምክንያታቸውም ግራፉ አንድ ወጥ አለመሆኑ ነበር እንጂ ትርጉሙ አልነበረም።

በትርጉሙ የሚሄደው ሁለተኛው ወገን ነው። የመጀመሪያው ወገን ግን ዋጋ ቢስ ጥያቄ አልጠየቀም፤ የጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ለጎደለው ነጥብ ዋጋ ሰጥተን ፈንክሽኑን በቀጣይነት ማራዘም ይቻላል ወይ? ሳይን ኤክስ ለኤክስ ሲካፈል የሚገኘው ፈንክሽን ዜሮ ላይ 1 ቢሰጠው ይራዘማል፤ 1/ኤክስ ምንም ብንሰጠው አይራዘምም። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ስም ባይጠሩ ኖሮ ክርክሩ ባልቆየ ነበር።

ዶሜኑ ፍርዱን ከሥሩ እንደሚለውጥ የሚያሳየው ሌላው ጫፍ የተነጠለ ነጥብ ነው። በዙሪያው ሌላ የዶሜን ነጥብ በሌለበት ቦታ ማንኛውም ፈንክሽን ቀጣይ ነው፤ ሊጠጋ የሚችል ነገር የለምና። ደመወዝ የሚቆጠረው በሳንቲም ነው ካልን የግብሩ ፈንክሽን በሁሉም ነጥብ ላይ ቀጣይ ይሆናል፤ ተቀናሹ ቢወገድ እንኳ። የመጀመሪያው ምሳሌያችን ትርጉም የሚኖረው ደመወዝን በቁጥር መስመር ላይ ስናስቀምጠው ብቻ ነው። ይህን የወሰንነው እኛ ነን፤ አዋጁ አይደለም።

የኮምፒውተር ማረጋገጫዎች ነገሩን በሦስተኛ መንገድ ፈትተውታል። ሊን በተባለው ሥርዓት የሒሳብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ አሠራሩ እንዲቀል ሲባል፣ 1 ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው ተብሎ ተደንግጓል። በዚህ ምክንያት 1/ኤክስ በሁሉም ቦታ ዋጋ አለው፤ ዜሮ ላይም ይቋረጣል፣ ይህም ሊረጋገጥ የሚችል ቴዎረም ነው። የመጀመሪያው ወገን መልስ በሁለተኛው ወገን ትርጉም ተገኘ ማለት ነው።

እርሳስ ሳይነሳ

ግራፉ እርሳስ ሳይነሳ የሚሣል ከሆነ ቀጣይ ነው የሚለው መለኪያ በሁለቱም በኩል ይፈርሳል። ቫየርስትራስ በ1872 ያቀረበው ፈንክሽን በሁሉም ነጥብ ቀጣይ ነው፤ በየትኛውም ነጥብ ላይ ግን ታንጀንት የለውም፣ ማንም እጅ አይሥለውም። ዳርቡ በ1875 ደግሞ በሁለት ዋጋዎች መካከል ያለውን ዋጋ ሁሉ ሳይዘል የሚያልፍ ፈንክሽን እንኳ ሊቋረጥ እንደሚችል አሳየ፤ ቅድም ያየነው የሳይን(1/ኤክስ) ፈንክሽን ከዚህ ወገን ነው።

የነጥብን ጥያቄ ከኢንተርቫል ጥያቄ ለይቶ ያቆመው ግን ቶሜ በ1875 ያሳተመው ፈንክሽን ነው። ለኢራሽናል ቁጥር ዜሮ ይሰጣል፤ ተጠቃልሎ ለተጻፈ ክፍልፋይ ደግሞ 1 ሲካፈል ለታህቱ። ለ1/2 ግማሽ፣ ለ7/5 አንድ አምስተኛ። በእያንዳንዱ ራሽናል ቁጥር ላይ ይቋረጣል፤ በአጠገቡ ዜሮ የሚሰጡ ኢራሽናሎች ሞልተዋልና። የ2 ስኩዌር ሩት ላይስ? የፈቀድነው ስህተት 0.1 ይሁን። ሊያስቸግሩን የሚችሉት ታህታቸው ከ10 የማይበልጥ ክፍልፋዮች ብቻ ናቸው። ከእነርሱ ለ1.41421... የሚቀርበው 7/5 ሲሆን ርቀቱ ከ0.0142 ትንሽ ይበልጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው 10/7 ነው። ስለዚህ በ0.014 ርቀት ውስጥ ያለ ቁጥር ሁሉ ከ0.1 ያነሰ ዋጋ ይሰጣል። ስህተቱን ብናጠብም ያው ነው፤ የሚያስቸግሩት ክፍልፋዮች በተወሰነ ኢንተርቫል ውስጥ ሁልጊዜ የተቆጠሩ ናቸው። በየትኛውም ኢንተርቫል ላይ ቀጣይ ያልሆነ ፈንክሽን በእያንዳንዱ ኢራሽናል ቁጥር ላይ ቀጣይ ሆነ። የኮሺ የ1821 ትርጉም ይህን ፈንክሽን የሚገልጽበት ቋንቋ የለውም።

ግልባጩ ይቻል ይሆን፤ በራሽናሎች ላይ ብቻ ቀጣይ የሆነ ፈንክሽን? ቮልቴራ በ1881፣ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለ፣ እንደማይቻል አረጋገጠ። ለምን የሚለውን በሰፊው ያብራራው በ1899 የቀረበው የቤር ሥራ ነው። ሃንክል ቀደም ሲል የፈንክሽኑን ውዝዋዜ በነጥብ ላይ መለካት ጀምሮ ነበር፦ በነጥቡ ዙሪያ በትልቁና በትንሹ ዋጋ መካከል ያለው ርቀት፣ ዙሪያው እየጠበበ ሲሄድ የሚደርስበት። ውዝዋዜው ዜሮ በሆነበት ነጥብ ፈንክሽኑ ቀጣይ ነው፤ በሌላ ቦታ አይደለም። ይህ ጥያቄውን አዎ ወይም አይደለም ከሚል መልስ ወደ መጠን ይለውጠዋል፤ ውዝዋዜው ከተሰጠ ቁጥር ያነሰባቸው ነጥቦች ስብስብም ሁልጊዜ ክፍት ስብስብ ይሆናል። ራሽናል ቁጥሮች በእንዲህ ዓይነት ክፍት ስብስቦች መደራረብ ሊገኙ አይችሉም። በእኔ ግምት ከሁሉም መለኪያዎች ይበልጥ የሚያስተምረው ይህ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ግን እምብዛም አይገኝም።

ብዙ መንገድ ሲኖር

በቁጥር መስመር ላይ ወደ አንድ ነጥብ የሚወስዱት ግራና ቀኝ ብቻ ናቸው። በሁለት ተለዋዋጮች ግን መንገዱ ማብቂያ የለውም። ኮሺ በ1821 በእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ለየብቻው ቀጣይ የሆነ ፈንክሽን በሁለቱም አንድ ላይ ቀጣይ ነው ብሎ ነበር፤ በዛሬው ትርጉም ግን ይህ ስህተት ነው። መነሻው ላይ ዜሮ ተብሎ፣ በሌላ ቦታ የኤክስና የዋይ ብዜት ለኤክስ² ሲደመር ዋይ² የሚካፈልበት ፈንክሽን በሁለቱ አክሲሶች ላይ ዜሮ ነው፤ ዋይ ከኤክስ እኩል በሆነበት መስመር ላይ ግን ሁልጊዜ ግማሽ ነው።

በመነሻው በሚያልፉ ቀጥታ መስመሮች ሁሉ ብንፈትነውስ? በ1884 በታተመው በጄኖኪ ስም በሚጠራው፣ ፔያኖ ባዘጋጀው መጽሐፍ መልሱ አለ። ኤክስ ሲባዛ በዋይ²፣ ለኤክስ² ሲደመር ዋይ⁴ ሲካፈል፣ በእያንዳንዱ ቀጥታ መስመር ላይ ወደ ዜሮ ይሄዳል፤ ኤክስ ከዋይ² እኩል በሆነበት ፓራቦላ ላይ ግን ግማሽ ላይ ቆሞ ይቀራል። እዚህ ላይ የተለመደ የተማሪ ስህተት አለ፦ ፈንክሽኑን በርቀትና በማዕዘን ጽፎ፣ ማዕዘኑን አንድ ቦታ አቁሞ፣ ርቀቱን ወደ ዜሮ መውሰድ። ይህ ቀጥታ መስመሮችን ብቻ መፈተን ነው። ዘዴው የሚያስተማምነው ማዕዘኑ ምንም ቢሆን የሚሠራ አንድ የጋራ ገደብ ሲገኝ ነው።

ምን ያህል መንገድ መፈተን ይበቃል? ሮዘንታል በ1955 የሰጠው መልስ ስለታም ነው። በነጥቡ በሚያልፉ፣ አንድ ጊዜ ዴሪቬቲቭ በሚወሰድላቸው ኮንቬክስ ኩርባዎች ሁሉ ላይ ቀጣይ የሆነ ፈንክሽን በእርግጥ ቀጣይ ነው፤ ሁለት ጊዜ ዴሪቬቲቭ በሚወሰድላቸው ኩርባዎች ብቻ ከተፈተነ ግን አይበቃም። ወሰኑ እጅግ ለስላሳ በሆኑትና በትንሹ ሸካራ በሆኑት መንገዶች መካከል ያልፋል።

መወሰን የማይቻልበት

እስካሁን ያየናቸው ፈንክሽኖች ሁሉ ተገልጸው በእጃችን ነበሩ። የተሰጠን የተለኩ ዋጋዎች ብቻ ከሆኑ፣ ብዛታቸው ምንም ቢሆን፣ ጥያቄው አይመለስም፤ በሁለት ልኬቶች መካከል ዝላይ ሊደበቅ ይችላል። ግን ቀመሩ ሙሉ በሙሉ ቢሰጠንስ?

ጎልድባክ በ1742 ለኦይለር በጻፈው ደብዳቤ የተነሳው ግምት ከ2 የሚበልጥ ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ሁሉ የሁለት ፕራይም ቁጥሮች ድምር ነው ይላል። ግምቱን የሚያፈርሱ ተጋማሽ ቁጥሮች ካሉ፣ ለእያንዳንዱ የግማሹን ያህል ጊዜ 1ን ለ2 እያካፈልን የምናገኛትን ክፍልፋይ እንደምር፤ ድምሩን ሀ እንበለው። ከዚያ ለአዎንታዊ ቁጥሮች ሀ፣ ለቀሩት ዜሮ የሚሰጥ ፈንክሽን እንሥራ። ዜሮ ላይ ቀጣይ የሚሆነው ሀ ዜሮ ከሆነ ብቻ ነው፤ ጎልድባክ ትክክል ከሆነ ብቻ ማለት ነው። ሀን በፈለግነው ያህል አኀዝ ማስላት እንችላለን፤ እስከ 4 ሲባዛ 10¹⁸ ድረስ በኮምፒውተር ስለተፈተነ በታወቁት አኀዞች ሁሉ ዜሮ ነው። ይህ ግን መልስ አይደለም። ራይስ በ1954 እንዳሳየው ሊሰላ የሚችል ቁጥር ዜሮ መሆን አለመሆኑን ሁልጊዜ የሚወስን ስልት የለም፤ ሪቻርድሰንም በ1968 በሳይን፣ በኤክስፖኔንሻል፣ በፍጹም ዋጋና በጥቂት ቁጥሮች የተገነቡ ተራ ቀመሮች እንኳ ዜሮ መሆናቸውን መወሰን በአጠቃላይ እንደማይቻል አረጋግጧል። የመማሪያ መጽሐፉ ሦስተኛ ጥያቄ፣ ሊሚቱና ዋጋው እኩል ናቸው የሚለው፣ እዚህ ላይ ይቆማል።

ክላሲካል ሒሳብ መልሱ አለ፣ እኛ ግን ላናውቀው እንችላለን ብሎ ያልፋል። ብራወር አላለፈም። ለእርሱ ከላይ የሠራነው ነገር በሁሉም ቁጥር ላይ የተወሰነ ፈንክሽን አይደለም፤ ኤክስ ራሱ እንደ ሀ ያለ ቁጥር ቢሆን ከዜሮ መብለጡን ሳናውቅ ዋጋውን መስጠት አንችልም። ከ1924 ጀምሮ ባቀረበው ቴዎረም ከ0 እስከ 1 በእውነት የተወሰነ ፈንክሽን ሁሉ ቀጣይ ነው፤ በመላው ኢንተርቫል ላይ አንድ የጋራ ዴልታ እስከሚበቃው ድረስ። በሌላ መንገድ ክራይዘል፣ ላኮምብና ሾንፊልድ፣ እንዲሁም ጸይቲን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሊሰሉ በሚችሉ ቁጥሮች ላይ በስልት የሚሰላ ፈንክሽን ሁሉ በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ቀጣይ መሆኑን አረጋገጡ። ሁለቱ መንገዶች ግን አይስማሙም። ሁለተኛውን መንገድ በያዘው በማርኮቭ የሩሲያ የሒሳብ ጎራ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቀጣይ የሆነ፣ ከ0 እስከ 1 ግን ገደብ የሌለው ፈንክሽን አለ፤ በብራወር ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር አይችልም። ቢሾፕ በ1967 መጽሐፉ ከሁለቱም ሳይወግን አለፈ፦ ቀጣይ ፈንክሽን የሚባለው ለእያንዳንዱ ዝግና የተወሰነ ኢንተርቫል፣ ስህተት ሲነገረው ዴልታ የሚሰጥ ደንብ ይዞ የቀረበ ነው። ደንቡ ከፈንክሽኑ ጋር አብሮ ይሰጣል እንጂ በኋላ አይፈለግም። በዚህ አነጋገር የአንድ ነጥብ ቀጣይነት ሁለተኛ ደረጃ ያዘ፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቀጣይ መሆን በመላው ኢንተርቫል ላይ አንድ ዴልታ ያስገኛል ወይ የሚለውንም የቢሾፕ ሒሳብ ብቻውን አዎም አይደለምም ሊለው አይችልም።